ቁጥር አራት

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ደረጃ እወጣለሁ፣
ጎንበስ ብዬ የውሃ ቆጣሪ አያለሁ፣
ቁጥሩን በእርሳስ ጽፌ ወደ ሌላው አልፋለሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ እዚሁ ስሊማ ላይ፣
ሰው በውሃው ልክ ነው ለእኔ የሚታይ፦
ሕፃን ሲወለድ ቆጣሪው ይጋልባል፣
አዛውንት ሲሸኝ ያዘግማል፣ ያነክሳል፣
ባልና ሚስት ሲኳረፉም ሄዶ ያሳብቃል፤
የአንድ ማዕድ ሰሃን ለየብቻ ይታጠባል።

የቁጥር አራት ነገር ግን ግራ አጋባኝ፤
በየወሩ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት አሳየኝ።
በነሐሴ፣ ድንጋዩን ራሱን ሲያልበው፣ ስምንት።
በጥር፣ ማዕበሉ መንገዱን ሲያጥበው፣ ስምንት።
ሰው እንዲህ አይኖርም። ሰው ሲኖር ይስታል፤
ቧንቧውን ሳይዘጋ ወሬ ይጀምራል፣
እንግዳ ይመጣበታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል።

የደብዳቤ ሣጥኑ ላይ ስም አለ፦ ዳውረን ሳርሴኖቭ።
ግማሹን ፀሐይ በልቶታል።

አንድ ማክሰኞ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘሁት፤
ቼንሳ ናት፣ የጀልባ ዓይን ሣዩ የዊስቲን መበለት፣
የወጥ ቤቱን ቧንቧ እስከ ጥጉ ከፍታ
ዳንቴል ትሠራለች አንገቷን ደፍታ።
«ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።
«እኖርለታለሁ።»

«ጠበቃው በየወሩ ሃምሳ ዩሮ ይሰጠኛል፤
መብራቱን አብሪ፣ ውሃውን ልቀቂ ይለኛል።
ሰውየው ከፍሏል፤ ቤቱን ተከራይቷል፤
ማኅተም ተመትቶ ነዋሪ ተብሏል።
የቀረው መኖር ነው። እሱ ለእኔ ተትቷል።»

ሶፋው ላስቲኩን እንደለበሰ ነው።
ማቀዝቀዣው ውስጥ አንዲት ሎሚ ብቻ፤
ያስቀመጠቻት ራሷ ናት፤
«ባዶውን ሲያጉረመርም ይከፋኛል» አለች።

ምን ልበል? ቁጥር ቁጥር ነው። ጽፌ ወጣሁ።
«የመኖሪያ ፈቃድ» ይሉታል ወረቀቱን፤
ደረጃውን ስወርድ ቃሉን አላመጥኩት።
እኔ ስወለድ እናቴ ጮኸች፣
ጎረቤት መስኮት ከፈተ፤
ሌላ ማኅተም አላስታውስም።

በጥቅምት በራሷ በር ወረቀት ተለጠፈ፤
የሠላሳ ዓመት ውሏ ቀኑ አለፈ።
ኪራዩ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ።
አከራይዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ አልቅሷል እንኳ፤
ግን ያ ጠበቃ ባዶ ቤት የሚፈልጉ ደንበኞች አሉት።
ቼንሳ ወደ ዛባር ሄደች፣ እህቷ ጓዳ፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ እንደ ሰንበት እንግዳ።
ማክሰኞ ማክሰኞ በሁለት አውቶቡስ ትመጣለች፤
ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሷ ወደ ሰው ኑሮ ትገባለች።

«ታዲያ እዚሁ አትተኚም?» አልኳት።
«ከስምንት ካለፈ ጥያቄ ይነሣል፤
ቤቱ ውስጥ ሰው ገብቷል ይባላል።»

በመጋቢት አንድ ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል፤
ወረቀቱን ያያል፣ በሮቹን ይቆጥራል፤
ጫማው ላይ የእኛ አቧራ ገና አላረፈም።
«የሳርሴኖቭ ቤት የትኛው ነው?» አለኝ በቀስታ።
«ማን ልበል?» አልኩት።
አፈረ። «እኔ ነኝ» አለ።

ሎሚዋን አይቶ ነው መሰል፣ ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።
«እኛ ዘንድ ሌሊት በር ሲንኳኳ ልጆቼ ይነቃሉ፤
አንድ ቀን መሸሻ ብናጣ ብዬ ነው» አለኝ፣
ማንም ሳይጠይቀው። ቀጥሎም፦
«እዚህ መኖር ይመቻል?»
«ማክሰኞ ና» አልኩት፤ «ቼንሳን ጠይቃት።
እስከ ዛሬ እንዴት እንደኖርክ የምታውቀው እሷ ናት።»

ማክሰኞን አልጠበቀም። እሑድ በረረ።

በሚያዝያ ቆጣሪው ሃያ አንድ አለ።
መስኮቱ ላይ ነጭ ዳንቴል ተሰቅሏል፤
በበሩ ሥር የሚጠበስ ሽንኩርት ይሸታል፤
ውስጥ አንድ ሰው ዜማ ስቶ ያንጎራጉራል።
አላንኳኳሁም።
እርሳሴን ቀርጬ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣
ወረድኩ፣ «ስምንት» ብዬ በጥንቃቄ ጽፌ።